ባሕሩ እንደ ባምቢስ ይጮሃል

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ማታ አባዬ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቂርቆስ ውስጥ ስለ ባሕር ዳርቻ ሲያስተምር ኖሮ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም። እህቴ ሰላም ታለቅሳለች፣ ጎረቤት በርበሬና ሽሮ ይዞ ይገባል፣ እሱ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር።

«ምንም እንዳትልክልኝ» አለኝ። «ባሕር ካገኘህ ድምፁን አሰማኝ። መጽሐፉ ይጮሃል ይላል፣ እንዴት እንደሚጮህ ግን አይናገርም። ተማሪ በጠየቀኝ ቁጥር ዞር ብዬ ሰሌዳ ስጠርግ ኖርኩ።»

እሺ አልኩት። ባሕር ያህል ነገር መቼም አይጠፋም ብዬ ነው።

ለምን እንደወጣሁ አየርላንድ ላሉት ሹማምንት አንድ ቀን ሙሉ ተናግሬአለሁና እዚህ አልደግመውም። ቃሌን የተቀበለችኝ ሴትዮ ግን የያዘችው ባሕሩን ነበር።

«ባሕር አቋርጠህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ በአውሮፕላን።»

«ባሕሩን አይተኸዋል?»

«የደረሰኝ የመሃል ወንበር ነበር።»

ይህንንም ጻፈችው። ከዚያ ምዕራብ ዳርቻ ያለ የመንደር ሆቴል እንደተመደበልኝ ነግራኝ ከወረቀቶቼ ጋር አንድ ባለቀለም ብሮሸር ጨመረችልኝ። በዳርቻው የሚታዩና የሚሠሩ ነገሮች ይላል፤ ገደሉ፣ የመርከብ መብራት ማማው፣ ወፎቹ የሚያርፉበት ዓለት፣ በገደሉ አፋፍ የሚሄደው የእግር መንገድ። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከቢሮ የተሰጠኝን ወረቀት እንደ ዋዛ አላየውም።

«በስንት ቀን ጨርሼ ነው ሪፖርት የማደርገው?» አልኳት።

«ተዝናናበት» አለችኝ። ቀነ ገደብ የሌለው ግዴታ ነው ማለት ነው ብዬ ያዝኩት።

እናንተ ካዛንቺስ ያላችሁ፣ የዚህን አገር አየር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የሐምሌ ዝናብ ከላይ መውረዱን ትቶ ከጎን ሲመጣ አስቡት። ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ሞኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እሱንም በሁለተኛው ቀን ባሕሩ ወሰደው። ምግቡ ድንች ነው፤ ድንቹን ደግሞ በድንች ይበሉታል። የሆቴሉ ኃላፊ ብሬንዳን ሚጥሚጣ ስነሰንስበት አይቶ ሐኪም ልጥራልህ ወይ ብሎኛል።

ብሮሸሩን ግን በተራ ተያያዝኩት። መብራት ማማው ጋ ደርሼ መምጣቴን የሚያረጋግጥ ማህተም ስጠይቅ ቲኬት ቆራጩ ግራ ገብቶት እጄ ላይ መታልኝ። በየደረስኩበት ለአባዬ እደውልና ስልኩን ወደ ባሕሩ እዘረጋለሁ። ነፋሱ ግን አላሰማ አለ።

«ይሄማ ባምቢስ ነው» ይለኛል። ቤታችን ከባምቢስ ጀርባ፣ ካዛንቺስ እስካሁን ባልፈረሰው በኩል ስለሆነ የመኪናውን ጩኸት ተኝቶም ያውቀዋል።

«አባዬ፣ ባሕሩ ነው እኮ።»

«በቃ፣ አንተ ሲኖትራክ አታስተምረኝ። ነፋስ የሌለበት ቀን ጠብቅ።»

በእግር መንገዱ ላይ ገደሉ አፋፍ አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ነው፣ የተለጠፈበት ናስ ላይ «ለፓትሪክ መታሰቢያ» የሚል ተጽፎበታል። ደነገጥኩ። ሰው ሞቶ፣ ስሙ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ እኔ ጎረቤት ሆኜ ለቅሶ ሳልደርስ ወፍ እያየሁ ነው።

«ለሞተ ሰው ወንበር?» አለ አባዬ ስነግረው። «እኔ በቁሜ ታክሲ ውስጥ ወንበር አጣለሁ። በል፣ ለቅሶውን ድረስ።»

በሆቴሉ የሻይ ውሃ ማፍያ ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ ንፍሮ ሠራሁ፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ነጠላዬን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ፣ ቤቱን ባለሱቋን ጠይቄ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሞሪን የምትባል ባልቴት ሚስቱ ናት። ገባሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ።

«ማሞቂያውን ልትጠግን ነው የመጣኸው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ለባለቤትዎ ነው። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ፓትሪክ? ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

«አልሰማሁም ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው፤ እኛ አገር ዘግይቶ የሰማም አይቀርም።

ሳቀች፣ ሳቀችና መሃል ላይ አለቀሰች። ስሙን የሚያነሳላት ሰው ካጣች ቆይታለች። ንፍሮውን እየዘገንን፣ እናንተ መርዶ እንዴት ነው የምትናገሩት አለችኝ። በስልክ አይነገርም አልኳት፤ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በሩን ያንኳኳል፣ እሱም ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ማንም ሳይናገር ይገባዋል።

ሞሪን ይህን ለመንደሩ አወራች። በሳምንቱ ሌሎች ሦስት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች «የእኔም ባል ወንበር አለው እኮ» እያሉ ቀጠሮ አስያዙኝ። ብሬንዳን የሻይ ማፍያውን ቆለፈብኝ።

አባዬ ይህን ስነግረው ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበት። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሳው ሰላም ሆነች። ተኝቷል። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ጉሮሮው ተዘግቷል። ጉዳይ ኖሮት ሰንጋ ተራ ወርዷል። ነፋስ የሌለበት ቀን ሲመጣ ጥሪልኝ እላታለሁ፣ እሺ ትለኛለች። ሰውየው ሐኪም ቤቱ ያለበት ሰንጋ ተራ ምን አመላለሰው ብዬ አልጠየቅሁም። ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁት።

አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሞሪን፣ ብሬንዳን፣ ባለሱቋ፣ ሦስቱ ባለወንበሮች፣ ቲኬት ቆራጩ ሳይቀር የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ኮሪደሩን ሞልተውታል። ሞሪን የጠረጴዛ ጨርቅ አዘቅዝቃ ለብሳ ከቆርቆሮ የወጣ ሽምብራ በድስት ይዛለች። ለካ ሰላም ሆቴሉ ደውላ ኖሯል፤ ብሬንዳንን ቅርቡ የሆነ ሰው አለ ወይ ብላ ጠይቃዋለች።

ማንም አልተናገረም። ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። በሩን መልሼ ልዘጋው ፈልጌ ነበር፤ ብዘጋው አባዬ የማይሞት መስሎኝ።

ከሰዓት በኋላ የፓትሪክ ወንበር ላይ ወስደው አስቀመጡኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ነፋስ የሌለበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ሰላም ደወለች።

«ተናደድክብኝ?»

«አርባው አልፏል?»

«ማለቴ፣ አጠገብህ የሚሆን ሰው እስኪገኝ ብለን ነው» አለች። «ምንድነው የሚጮኸው?»

«ባሕሩ ነው።»

«እንዳትዘጋው። ፎቶው ጋ ላስቀምጠው።»

ስልኩን ወደ ውሃው ዘርግቼ ቆየሁ፤ ክንዴ ሲዝል ሞሪን ተቀበለችኝ። ከወዲያ በኩል፣ ከፎቶው አጠገብ፣ የባምቢስ መኪና ይሰማል፤ እውነቱን ልናገርና ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።