መቶ አሥራ ሰባት «አንተ»

በማተሚያ ቤቱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው አራሚ «ቀይ እስክሪብቶ» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት የሚታተመውን ገጽ የሚደረድሩት ፊደል ለቃሚዎቹ ናቸው። እሷ በሌለችበት ነው የሚጠሯት፤ እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳት መጀመሪያ የምታየው የሙሽሮቹን ስም ሳይሆን አራት ነጥቡን ነው። ባሏ ጠዋት ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ የሚተውላትን ማስታወሻ ሳይቀር አርማ ትመልስለት ነበር። ሰውየው አሁን መጻፉን ትቶ ይደውላል።

በእሷ ፊት ሰዋስው ማፍረስ የተፈቀደላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ልብስ ሰፊዋ። ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዋን «አንተ» ነው የምትላት። «አንተ፣ በላህ?» «አንተ፣ ምነው ጠፋህ?» ባል «አንቺ» ይላል፣ መሥሪያ ቤት «እርስዎ» ይላል። «አንተ» የምትላት ግን በዓለም ላይ ይህች ብቻ ናት፤ ቀይ እስክሪብቶም ስትሰማው ትከሻዋ ቀለል ይላታል። የራሷ አፍ ግን አንድም ቀን ስቶ «አንተ» ብሎ አልመለሰም።

ሁለቱ ልብ ወለድ እየተዋዋሱ ነው ያረጁት። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን ያነበበችውን ጨርሳ የስፌት መኪናዋ ላይ ወረወረችው።

«አንተ፣ በልብ ወለድ ውስጥ የሴት ጓደኛ ሥራዋ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ባል ትቀማለች፣ ወይ ትሞታለች። ጃንጥላ ተውሳ የማትመልስ አንዲት እንኳ የለችም።»

«ታዲያ አንቺ ጻፊዋ» አለች ቀይ እስክሪብቶ፣ ለቀልድ።

ጻፈችው። ሦስት ዓመት ፈጀባት። ማተሚያ ቤቱ ተቀበላት፤ እርማቱ ማን እጅ እንደሚገባ የታወቀ ነው። «ፊደሉን እንደፈለግህ አድርገው፤ ንግግሩን ግን እንዳትነካብኝ፣ አደራ» አለቻት።

ቀይ እስክሪብቶ እየፈራች ጀመረች፤ በልብ ወለዱ ያለችው ጓደኛ ባል ትቅማ ትሙት አታውቅማ። አልቀማችም፣ አልሞተችም። ሁለት ሴቶች ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ በጃንጥላ ይጣላሉ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ፀጉር ቆርጣ ታበላሻለች፣ ይኮራረፋሉ፣ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ይታረቃሉ። እያነበበች ሁለት ጊዜ አለቀሰች፤ አንዴ ደግሞ ሻይዋ እስኪደፋ ሳቀች።

ችግሩ አንድ ነበር። አንደኛዋ ሌላኛዋን ከዳር እስከ ዳር «አንተ» ትላታለች። ቆጠረችው፤ መቶ አሥራ ሰባት ቦታ። ጓደኛነቷ ልቧን አሞቀው፣ አራሚነቷ ግን በላብ አጠመቃት። አንባቢ ሴትየዋን ወንድ ናት ቢልስ? ፊደል ለቃሚዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ ጾታ አመለጣት» ብለው ቢሳለቁስ? አደራው ትዝ አላት፤ ስሟም ትዝ አላት። ስሟ አሸነፈ። «መጣህ»ን «መጣሽ»፣ «ብላ»ን «ብዪ» እያደረገች ሁለት ቀን ሙሉ አረመች። እንዲህ ያለ ንጹህ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

መጽሐፉ የታተመ ዕለት የመጀመሪያውን ቅጂ ይዛ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ በረረች። ልብስ ሰፊዋ እንደቆመች ገለጠችው። አንድ ገጽ አነበበች፣ መሀሉን ከፈተች፣ መጨረሻውን አየች። ከዚያ ዘግታ የጨርቁ ክምር ላይ አስቀመጠችው።

ቀይ እስክሪብቶ የሠራችው ሥራ ያን ጊዜ ነው የገባት።

«ሰው እንዳይሳሳት ብዬ እኮ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ሳበችላት።

«ደክመሻል። ተቀመጪ» አለቻት፣ ረጋ ብላ።

በአርባ ስድስት ዓመት እንዲህ ብላት አታውቅም። ቀይ እስክሪብቶ ቁጭ ብላ ቃሉን በልቧ ደጋገመችው፤ አንድም ስህተት አላገኘችበትም።