በክረምት የሚለሰልሰው ግድግዳ

ዛሬ ጠዋት፣ ከኦሎምፒያ ጀርባ ባለው አሮጌ ቤታችን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተላቀቀ።

እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ በመዳፏ ደገፈችው። ዕድሜዋ ዘጠናን እየተጠጋ ነው። እንዲህ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም።

አይ፣ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ይፈለግ ነበር። መልኩን እንዳያውቁት፣ ያለንን አንድ ፎቶውን እናቴ ከጋዜጣው ሥር ለጠፈችው።

የስታርች ሙጫ በበጋ ደርቆ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ለእጇ የምትቀባውን ግሊሰሪን ጨመረችበት። ሙጫው እንደ ቆዳ ለሰለሰ። ግሊሰሪን ከአየር ላይ እርጥበት እንደሚስብ ግን አላወቀችም። (እኔ ከዓመታት በኋላ ተማርኩት፤ ማንንም አልጠቀመም።)

ፈታሾቹ የመጡት በሐምሌ ነው። አልጋውን ሲገለብጡ የጋዜጣው ጫፍ መታጠፍ ጀመረ። እናቴ ሄዳ ተደገፈችው።

«ምነው እናት፣ ቤቱ ይወድቃል ብለው ነው?» አለ አንዱ እየሳቀ።

«ወገቤን ይዞኝ ነው፣ ልጄ።»

ሄዱ። ወንድሜ ግን አልተመለሰም። ፎቶውንም እንድናወጣው እናቴ አልፈቀደችም። ግድግዳው በየበጋው ይደርቃል፣ በየክረምቱ ይለሰልሳል።

ዛሬ «እማዬ፣ በቃ ልቀቂው» አልኳት።

«ሄዱ?»

«ሄደዋል።»

እጇን አነሳች፤ ጋዜጣው ከግድግዳው ተገንጥሎ ተገለበጠ። ግድግዳው ላይ በቀረው ፎቶ ላይ ፊት የለም። የወንድሜ ፊት ጋዜጣው ጀርባ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ነካሁት፤ እርጥብ ነው፣ ይሞቃል። የእናቴ መዳፍ ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

እናንተስ ቤት፣ ክረምት ሲገባ የሚላቀቅ ነገር አለ? ከሥሩ ማን ነበር?