ሳያልቅ የተዘጋብን ጨዋታ

ጨዋታው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑን ዘጋብን። በደሉ ይህ ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም። እኔና ሽማግሌዬ፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እያለን፣ ሁለተኛው ግማሽ ገና እንደተጀመረ፣ ኳስ በክፍያ የሚያሳየን ባለ ኳስ ቤቱ ሪሞቱን አንስቶ ዘጋው።

ትንሽ ነገር ነው የሚል አይጠፋም። የሽማግሌዬ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ኳስ ግን አልተወም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያወራው ሰውዬ በፈረንጅ አፍ ስለሆነ አይጠቅመውም። ጨዋታውን የሚከታተለው በሰዉ ጩኸት ነው። ያ የቆርቆሮ ቤት ሞልቶ፣ የቀዮቹ ደጋፊ በግራ፣ የሰማያዊዎቹ በቀኝ ተጠቅጥቆ በሚቀመጥበት ጊዜ እሱ መሐል ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ሁሉንም ያውቅ ነበር። «ኡፍ» ካሉ ኳሷ ለጥቂት ወጥታለች። ድንገት ዝም ካሉ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። አግዳሚ ከተገለበጠ ጎል ነው፤ በየትኛው በኩል እንደተገለበጠ ሰምቶ የማን ጎል እንደሆነ ይናገራል።

ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር ነበር፣ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ። ሊያታልለው ይጮህበታል።

«አባባ፣ አገባንባችሁ! ጎል!»

«ተቀመጥ አንተ ውሸታም! የአንድ ሰው ጩኸት ጎል አይሆንም።»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

መብራት ሲጠፋ ማንም አይወጣም፤ ልማዳችን ነው። ባለ ኳስ ቤቱ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ፣ ቤንዚን ካለቀበትም ፈልጎ እስኪመጣ፣ በጨለማ እየተፎጋገርን እንጠብቀዋለን። ሰዉ ከተበተነበት እንደሚከስር ስለምናውቅ ነው።

ከዚያ ሰዉ እየሳሳ መጣ። ወጣቶቹ የኳስ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው፣ በዚያ በአሰላ ብርድ ውጭ ቆመው፣ ስልካቸውን ያያሉ። አንዱን ለምን አትገባም ብዬ ብጠይቀው፣ «ጎሎቹን ካየሁ ይበቃኛል አኮ፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ማን ይቀመጣል?» አለኝ። አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። እኔ እቀመጣለሁ አልኩት። መምህሩም ስልክ ገዝቶ ቤቱ ቀረ።

ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ የተገናኙበት ያ እሁድ ዱሮ ቢሆን እግር ማሳረፊያ አይገኝም ነበር። ከእኛ ሌላ የነበሩት ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እረፍት ላይ ወጥተው አልተመለሱም። ሽማግሌዬ «ኳሷ የት ናት?» ይለኛል። መሐል ሜዳ ስለው እሷ ሌላ ቦታ ደርሳለች። አፌ ደከመ። በዚህ መሐል ነው የተዘጋው።

«ምነው?» አልኩት።

«ሰው የለም እኮ፣ አኮ።»

«እኛ ምንድን ነን? አግዳሚ ነን?»

«ኧረ እንደሱ አይበሉ…»

«አንተን በጨለማ ጠብቀንሃል። አንተ እኛን በመብራት መጠበቅ አቃተህ?»

አግዳሚዎቹን መደራረብ ጀመረ።

ዳገቱን ስንወጣ ሽማግሌዬ «ስንት ለስንት አለቀ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ይሁን» አለ። በሚቀጥለው እሁድ እንደ ወትሮው ጫማዬን አምጪልኝ አላለም። ያን ጊዜ ነው ወደ ባለ ኳስ ቤቱ የሄድኩት።

መልሱን ፍለጋ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኛል ይለኛል፤ ሌላ ቀን ከሩቅ ሲያየኝ በጓሮ ይወጣል። ጉልበቴ አለቀ፤ መጠየቁም ራሱ ሰለቸኝ፤ ግን መብቴን ማን ይጠይቅልኝ? በመጨረሻ ውስጥ አገኘሁት። የቤቱን ግማሽ ከሳጉሬ ለመጣ እህል ነጋዴ አከራይቶት፣ የቀዮቹ ደጋፊ ይቀመጥበት በነበረው በኩል የስንዴ ጆንያ ተደርድሯል።

«ማልልኝ» አልኩት። «ሁለት ሰው ብቻ ብንሆንም እስከ መጨረሻው ፊሽካ አትዘጋም።»

እንደ ሌላው ጊዜ አልሸሸም። ጆንያው ላይ ተቀመጠና ለእኔ አግዳሚ ሳበልኝ።

«እሺ አኮ፣ ለእናንተ ስል እከፍታለሁ፤ እስኪያልቅም አልዘጋም። ለአባባ ግን ጩኸቱን ከየት ላምጣላቸው?»