ጀምበርና አንዲት የቀረች ፖዝ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ካሜራ አልነበረም፤ ማበጠሪያና መስታወት ነበር። አሠሪዬ ጋሽ ደምሴ፣ «አንተ ገና አታነሳም። ፀጉር ታበጥራለህ፣ ኮሌታ ታቃናለህ፣ አገጭ ቀና ታስደርጋለህ» አሉኝ። ያን ቀን ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ገበሬዎችን ኮሌታ ሳቃና ዋልኩ።

ካሜራ የጨበጥኩት ከወራት በኋላ ነው። ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ፖዝ ይይዛል፤ የሚታጠበው ደብረ ታቦር ነው። ጋሽ ደምሴ በማግስቱ ሊሄዱ ሲሰናዱ ሁለት ፖዝ ቀርቶ ነበር። «የፈለግኸውን አንሳና ጨርሰው» አሉኝ። ከቤቱ ጀርባ ወጣሁ። ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ ሰማዩ እሳት መስሏል። ሁለቱንም እዚያው ላይ ጨረስኳቸው።

ታጥቦ ሲመጣ እሳቱ የለም። መሬቱ ደህና ይታያል፤ ሰማዩ ግን ነጭ ወረቀት ነው። ጋሽ ደምሴ ሳቁ። እኔን ግን ከነከነኝ። ዓይኔ ያየውን ካሜራው ለምን አላየውም?

ከዚያ ወዲህ ከየፊልሙ የሚተርፈው ፖዝ የጀምበር ሆነ። ካሜራዬ አሮጌ ነው፣ ሌንሱ አንድ ነው፣ ማቆሚያ እግር ስለሌለኝ የድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው ነበር። በመመልከቻው ውስጥ ብርሃን የምትለካ ትንሽ መርፌ አለች። በመሬቱ ብርሃን ስለካ ሰማዩ ይነጣል፤ ከፀሐይዋ ጎን ባለው ሰማይ ስለካ ቀለሙ ይመጣል፣ መሬቱ ይጠቁራል። ይህ የገባኝ ብዙ ፖዝ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ያየሁትን በደብተር እጽፍ ነበር፦ በጥር የአውድማው አቧራ ጀምበሯን ያቀላታል፤ በመስከረም ዝናቡ አባርቶ ደመናው ሲሰነጣጠቅ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ኋላ ወገዳ ከተማ ላይ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። አንድ የመስከረም ቀን ወይዘሮ አለሚቱ የሚባሉ ባልቴት መጡ። ወንድማቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጉባኤ ቤታቸውን ለተማሪያቸው አስረክበው በማግስቱ ገዳም ሊገቡ ነው፣ ላይመለሱ።

«ፎቶ የሚባል ተነስተው አያውቁም። ስለምናቸው ከርሜ ዛሬ እሺ አሉኝ። ፊታቸውን አስቀርልኝ፣ ልጄ» አሉ።

አብረን በእግር ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ደመናው መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ወይዘሮ አለሚቱ እየቀደሙኝ እኔ ቆም እያልኩ ደመናውን አነሳለሁ። ስንደርስ ወንድማቸው የኔታ ጸሎት ላይ ናቸው። ጠበቅን። ያኔ የካሜራውን ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ፤ ሠላሳ አምስት ይላል፤ የቀረኝ አንድ ፖዝ ብቻ ነው። ትርፍ ፊልም አልያዝኩም፤ ፍላሼ ከተበላሸ ቆይቷል። አፍሬ ለወይዘሮ አለሚቱ አልነገርኳቸውም።

የኔታ ሲወጡ ጀምበር ተራራውን ልትነካ ነው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል፤ የደመናው ሥር ሐምራዊ ሆኗል። ዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት ሰማይ ነው።

«የኔታ፣ ፀሐይዋን ከኋላዎ አድርገው ይቁሙልኝ» አልኩ። ቆሙ። በሰማዩ ለካሁ። ሰማዩ ይመጣል፤ የኔታ ግን ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ጣቴ ግን መጫኛው ላይ ነበር።

«ምንድን ነው ከኋላዬ እንዲህ አፍጥጠህ የምታየው?» አሉኝ።

«ሰማዩን ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ እኔስ ለምን ይቅርብኝ?» ብለው ወደ ጀምበሯ ዞሩ።

ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ያ ሁሉ ቀለም ፊታቸው ላይ ነው። ሽበታቸው ወርቅ መስሏል፤ የግንባራቸው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጀምበር ሳነሳ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጥላዬ ጋቢያቸው ላይ ስለወደቀ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። በጉንጫቸው ለካሁ፤ ካሜራውን የግቢው ካብ ላይ አስደገፍኩ። «እንዳይንቀሳቀሱ፣ የኔታ።» ተጫንኩት። ፊልሙ አለቀ።

በማግስቱ እሳቸው ወደ ገዳማቸው፣ እኔ ወደ ደብረ ታቦር ሄድን። ፊልሙ እስኪታጠብ የማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ቢበላሽ ለወይዘሮ አለሚቱ ምን እላቸዋለሁ? ጥርት ብሎ ወጣ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለችው ብልጭታ እንኳ አልቀረችም።

ወይዘሮ አለሚቱ ፎቶውን ሳሙት፤ ከዚያ ትኩር ብለው አዩት። «ወንድሜ ምን እያዩ ነው እንዲህ?» አሉኝ።

«ሰማዩን ነው።»

«እኔ ሳለቅስ እሳቸው ሰማይ ያያሉ!» ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። አንድ ፖዝ ብቻ ቀርቶኝ እንደነበር ያኔ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። «ሁለተኛ እንዳትለምደው» አሉኝ። አልለመድኩትም።

የየኔታ ተማሪዎች ከእስቴም ከጋይንትም እየመጡ ያን ፎቶ አስባዝተዋል። የጀምበር ፎቶዎቼ አንድ ካርቶን ሞልተዋል፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ እወዳቸዋለሁ፤ ዛሬም አነሳለሁ። በስልክ ጀምበር የሚያነሱ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ሰማዩን ከማንሳታችሁ በፊት አንዴ ዞር በሉና ብርሃኑ ምን ላይ እንዳረፈ እዩ።