ባለ ቆርቆሮ ካሜራው

ወንዝ ዳር ኦቾሎኒ የምትሸጠው ሴት ሰውየውን መጀመሪያ ያየችው ቀን ጤንነቱን ተጠራጥራ ነበር። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ሽማግሌ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ "ካሜራዬ ነው" ይላል! ሌንስ የለው፣ ምን የለው፤ በመርፌ የተበሳች ቀዳዳ ብቻ። ከቀዳዳዋ ላይ ጥቁሩን ፕላስተር ይልጥና ሮጥ ብሎ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሁልጊዜ ከጎኑ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቶ። ሲጨርስ ፊልሙን፣ ያንን በራሱ የሚታጠበውን ዓይነት፣ ብብቱ ሥር ይወሽቀዋል፤ ሙቀት ሲያገኝ እዚያው ፎቶ ይሆናል። ፎቶው ላይ የወንዙ ድልድይ አለ፣ እሱ አለ፤ ውር ውር የሚለው ሕዝብ ግን የለም። ቀዳዳዋ የምትይዘው ረግቶ የተቀመጠውን ብቻ ነዋ!

ዛሬ ባዶውን ቦታ በመሀረቡ ጠረገና "የቀረኝ ፊልም አንድ ነው፤ ነይ ተቀመጪ" አላት።

"እኔ? ወይ ጋሼ! ዝም ማለት መቼ ፈጥሮብኝ!"

"ከተንቀሳቀስሽ ትጠፊያለሽ። ፊልሜንም ይዘሽብኝ።"

ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ይሄኔ አንድ መንገደኛ ኦቾሎኒዋን መዘገን አይጀምርም! "ኧረ እጅህን ሰብስብ! ቅምሻ ነው ምሳ?" አለችው፣ አንገቷን እንኳ ሳታዞር።

ፎቶው ከብብት ሲወጣ ሁለቱም አጎነበሱበት። ድልድዩ፣ ወንዙ፣ እሱ፤ ከጎኑም እሷ ቁልጭ ብላ። አፏ ብቻ ጭስ መስሏል።

"ወይኔ፣ አበላሸሁብህ!"

"ምኑን!" አለ፣ እየሳቀ ዓይኑን በመሀረቡ እየጠረገ። "ባለቤቴም ልክ እንደዚህ ነበር የምትወጣው።"