አማት ያልተስማሙበት ፕሮግራም

የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ «ሦስቴ» ይሉታል። ምን ያድርጉ፣ ሰውዬው በሩን እንኳ ሦስቴ ሳይነካካ ዘግቶ አይሄድም! ሥራውም ያው ነው፤ አንዱን ፕሮግራም ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስ እያለ ለሦስት ዓይነት ኮምፒውተር ለየብቻ መጫኛ ያዘጋጅለታል። የአንዱ መጫኛ ሌላው ላይ አይከፈትማ።

ያን ቀን የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ያዘዙትን ፕሮግራም ሊረከቡ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥረውታል። ሦስት ኮምፒውተር አላቸው፤ ሦስቱም የተለያዩ። አንዱ ላይ እንኳ ቢያስቸግር ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡት ፊት ለፊት ነግረውታል። ሦስቴ ደግሞ ከቅጥር ወጥቶ በራሱ የያዘው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው።

እሱ ቤቱ ባሉት ሦስት ኮምፒውተሮች ሲሞክረው መቼም ሁሉም ይሠራል። «ቀጥል»፣ «እስማማለሁ»፣ «ጨርስ»... ጣቱ መንገዱን ያውቀዋል።

«እስቲ ሌላ ሰው ይሞክረው» አለችው ሚስቱ። ሌላ ሰው ማለት ቤት ውስጥ የነበሩት አማቱ ናቸው።

አማት መነጽራቸውን አድርገው ተሰየሙ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?»

«የአጠቃቀም ውል ነው፣ እማማ። ዝም ብለው ‹እስማማለሁ› የሚለውን ይጫኑት፤ ማንም አያነበው።»

«ሳላነብ ልስማማ? ልጄን የሰጠሁህ እንኳ ስድስት ወር አጥንቼህ ነው!»

ቀጭ! «አልስማማም»።

ዊንዶውሱ እሺ ብሎ ተዘጋ። ማኩም ላይ ሲጫኑት እንደዚያው። ሊኑክሱ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «በሚገባ ተጭኗል፤ እንኳን ደስ አለዎት!»

«እምቢ ብዬው ገባ እኮ!» አሉ አማት እያጨበጨቡ። «ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው?»

ሦስቴ ሮጦ የሊኑክሱን መጫኛ ከፈተው። ለካ ሦስተኛውን ሲያዘጋጅ ሁለቱንም ቁልፎች ወደ አንድ ቦታ መርቷቸው ኖሯል። እሱ እንደሆነ «አልስማማም»ን በዕድሜው ነክቶት አያውቅ! ምሳውን ትቶ አስተካከለው። አማቱ ሦስቱንም እንደገና እምቢ አሏቸው፤ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃላፊው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሊኑክሱ ፊት ተቀመጡ። ውሉን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሦስቴንም ሰረቅ አድርገው አዩት።

«እምቢ ብለውስ?» አሉና ተጫኑ።

መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

«ከሠራተኞቼ ይሻላል፤ ይሰማል!» ብለው ሦስቱንም አስጫኑና ፈረሙለት።

ሦስቴ እየበረረ ቤት ገብቶ የአማቱን ጉንጭ ሦስቴ ሳመ።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንሥራ።»

«አልስማማም» አሉ አማት መነጽራቸውን እየፈለጉ። «መጀመሪያ ውሉን አምጣና ላንብበው።»