«የእማዬ ሂተር፤ አትንኩ!»

ዛሬ ሜልበርን፣ ኬንሲንግተን ባለው አሮጌ ቤታችን የፊውዝ ሳጥኑን በአዲስ ሊቀይር የመጣው ኤሌክትሪሻን ሳጥኑን ከፍቶ «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ጠራኝ።

የአባዬ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ አላህ ይዘንለት። ዳር ላይ ካለው ፊውዝ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፎ «የእማዬ ሂተር፤ አትንኩ!» ብሎ ጽፎበታል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እናቱን ከከሚሴ ሊያመጣ ቪዛ አፕላይ አድርጎ ነበር። የከሚሴን ሙቀት የለመደች ሴት የሜልበርንን ብርድ አትችለውም ብሎ፣ ለኋለኛው ክፍል ለብቻው መስመር አስዘርግቶ ሂተር አስገጠመላት።

እኛ ልጆቹ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን እንንቀጠቀጣለን። ያንን ሂተር መንካት ግን ወይ ፍንክች! (በእንግሊዝኛም ለምነነዋል፤ ጭራሽ ባሰበት።)

ቪዛው ተከለከለ። ደግሞ አፕላይ አደረገ። መልሱ ሳይመጣ አያታችን ሞተች።

አባዬ ግን ከዚያ በኋላም ሰኔ በገባ ቁጥር ሂተሩን ለአንድ ሰዓት ያበራው ነበር። «መሥራቱን ልየው ብዬ ነው» ይለናል። ለእሷ ባዘጋጀው ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ወደ ሙቀቱ ዘርግቶ።

ዛሬ አዲሱ ሳጥን ሲገጠም ኤሌክትሪሻኑ «የማትጠቀሙበት ከሆነ ይሄን መስመር ላቋርጠው?» አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

«ይተወው በለው» አለች። ከዚያ ተነስታ ፕላስተሩን ከአሮጌው ሳጥን ላይ ቀስ አድርጋ ላጠችና ሰጠችኝ።

«ይቺንም አዲሱ ላይ ይለጥፍልን።»

እናንተስ ቤት ላልመጣ ሰው ተዘጋጅቶ የቀረ ምን አለ?